የተቆረጠው ምዕራፍ

ተማሪዎቹ የትምህርት ቤቱን መጽሐፍ ጠራዥ «ጋሽ ሙጫ» ይሉታል። ጣቶቹ ላይ የደረቀ ሙጫ ጠፍቶ አያውቅም፤ ደግሞም አንዴ ከተቀመጠ የሚያስነሳው የለም። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የተገነጠለውን ይሰፋል፣ የላላውን ያጠብቃል። ከሰፋኸው ስንቱን አነበብክ ቢሉት ግን ወሬ ይለውጣል።

ትምህርት እንደተከፈተ ርዕሰ መምህሩ አንድ ልብ ወለድ በብብቱ ይዞ ገባ።

«ይቺ መጽሐፍ ወላጆችን አስቆጥታለች» አለ። «መጨረሻው ምዕራፍ ላይ እናትየዋ ትሞታለች። ልጆቹ ገና ለጋ ናቸው፤ ከአሁኑ ለምን ሆዳቸውን እናባባዋለን?»

«ታዲያ ከመደርደሪያው ይነሳ።»

«የተለገሰን ነው። ሰጪዎቹ መጥተው ቢያጡት ይቀየሙናል። ምዕራፏን ብቻ ያውጡልን። ከዚያ በፊት እናትየዋ አልጋዋ ላይ ቀና ብላ ትቀመጣለች አሉ። እዚያ ላይ ቢያልቅ ምን ይጎድላል?»

«አሉ? እርስዎ አላነበቡትም?»

«ጊዜ የት አለኝ? ኮሚቴው ነው የነገረኝ።»

ጠራዡ ሳቀ። እሱም ከዚያ በፊት አላነበበውም፣ አሁንም አላነበበውም። ቅጂዎቹን ሁሉ በምላጭ ከፈታቸው፤ ምዕራፉን አወጣ፤ ስፌቱንም በአዲስ ክር መልሶ አሳመረው። ወረቀቱን ግን አልጣለም፤ ጠራዥ ወረቀት አይጥልም። በቀጭን በቀጭኑ ሰንጥቆ፣ የሌሎች መጻሕፍት ጀርባ እንዲጠነክር ከውስጥ ለጠፈው።

የሚኖረው ከእህቱና ከእህቱ ልጅ ጋር ነበር። እህቱ ከታመመች ከርማለች። ሐኪሙ እሱን ብቻ ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ ሕመሙን ከማስታገስ በቀር የሚደረግ ነገር እንደሌለ ነግሮታል። ቤት ሲገባ ግን ለልጅቷ «ትድናለች» አላት። ጎረቤቱም ሲገባ ትድናለች፣ ሲወጣ ትድናለች ይላል። በሽተኛዋ ራሷ፣ ድምፅ ሲኖራት፣ «ልድን ነው እኮ» ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ደብተሯን ታቅፋ ወደ ክፍሉ መጣች። ክር በመርፌ እየሰካችለት ያደገችበት በርጩማ ላይ ተቀመጠችና ያንን ልብ ወለድ ፊቱ አኖረችው።

«ጋሼ፣ የዚህ መጨረሻው የት ሄደ?»

«ያለው ያው ነው።»

መጽሐፉን መሐል ላይ ከፍታ ስፌቱን በጣቷ ነካችው። «ይሄ ያንተ ክር ነው። በሰም የምታሸው። ድሮ እኔ አልነበርኩ የማሽልህ?»

መጽሐፉን ዘጋው።

«የላይኛው ክፍል ልጅ ሳይቆረጥ አንብባው ነግራኛለች። እናትየዋ ትሞታለች፤ የቀረው ስለ ማግስቱ ነው። ልጇ ብቻዋን ምን እንደምታደርግ።»

«ልጆች እንዳይከፋቸው ተብሎ ነው እኮ፣ የኔ እናት።»

«እማዬን የማገላብጣት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ክብደቷ ስንት እንደቀረ አውቃለሁ። ሁላችሁም ትድናለች ትሉኛላችሁ። እኔ ለማልቀስ አይደለም የፈለግኩት። በማግስቱ ሰው ከምን እንደሚጀምር ለማየት ነበር። እሱንም ቆረጥከው።»

ትድናለች ሊል አፉን ከፈተ። «ሐኪሙ አትድንም ብሎኛል» አለ።

«አውቃለሁ። ምዕራፉን ፈልግልኝ። እማዬ ሳትሞት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ሙጫ የገዛ እጁን ሥራ ማፍረስ ያዘ። የትኛው ወረቀት የትኛው ጀርባ ውስጥ እንደገባ አያስታውስም። ግማሾቹ መጻሕፍት ተማሪ ተውሷቸው ወጥተዋል። የቀሩትን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰ ሲልጥ፣ ሙጫው ቀለሙን ይዞት ይነሳል።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ በበሩ ብቅ ብላ አየችው። «ሥራ ጠፍቶ ነው የሰፋኸውን የምትገነጥለው? እኛ እኮ ለመገንጠል ተማሪዎች አሉን።»

እሱ መላጡን ቀጠለ። መጽሐፍ ሻጮቹን ሁሉ ዞረ፤ መጽሐፉ መታተም ካቆመ ቆይቷል። ርዕሰ መምህሩንም ምዕራፉ ምን እንደሚል ጠየቀው። «እኔ እንጃ፣ ጋሼ፤ ኮሚቴውም ቢሆን ከሰው ሰምቶ ነው መሰለኝ» አለው።

ጥቂት ብጣሾች ጠረጴዛው ላይ ለመድረቅ ተዘርግተው ሳለ፣ ከቤት ሰው ተልኮ መጣ። መልእክተኛው ገና ሳይናገር እህቱ እንደሞተች ገባው።

ከቀብሩ በኋላ ሰው ቤቱን ሞላው። ልጅቷን «አይዞሽ» አሏት፤ ትድናለች ሲሉበት በነበረው በዚያው ድምፅ። አመሻሽ ላይ ተበታተኑ።

በማግስቱ ጠዋት ጠራዡ ልጅቷን ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ አገኛት። የእናቷን ብርጭቆ ይዛለች። ልታጥበው አትችልም፣ ወደ ቦታውም ልትመልሰው አትችልም። ከኪሱ ከሁሉም ንጹሕ የሆነውን ብጣሽ አውጥቶ ሰጣት። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አኑራ፣ ወደ ብርሃኑ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችው።

«ጠዋት ተነሳች። መስኮቱን ከፈተችው። ከዚያም የእናቷን...»

ወረቀቱ እዚያ ላይ ተሰንጥቋል። ገልብጣ አየችው፤ ጀርባው ሙጫ ብቻ ነው።

«ከዚያስ?» አለችው።

«አላውቅም።»

«አንተ አይደለህ ያወጣኸው?»

«ሳላነበው ነው።»

ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ። ቁጣዋን ተመኘው። እሷ ግን አንድ የማታውቀውን ሰው እንደምታይ አየችው፤ ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ከፈተችው። ተመልሳ ብርጭቆውን አነሳችና፣ እዚያው ቆመች። የተጻፈው እስከዚያ ነበር።