ባሌስትራው ከተጨመረ በኋላ

ባልየው ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ፒክአፗን የምትነዳው ሚስቱ ነበረች። ሥራቸው ውኃ ማመላለስ ነው። ዳገቱ አናት ላይ ካለው ጉድጓድ ይቀዱና ታች ቧንቧ ለደረቀባቸው ሰፈሮች ያከፋፍላሉ። ሲወጡ ባዶ፣ ሲወርዱ ሙሉ። ሌላው ሹፌር ዳገት ይፈራል፤ እሷን እንቅልፍ የሚነሳት ቁልቁለቱ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ካሶኒው ላይ የተጫነው ታንከር እየተሞላ ሳለ ከጋቢናው ትወርድና ከኋላ ጎማውና ከጭቃ መከላከያው መካከል እጇን ታስገባለች። አራት ጣት ከገባ ይሄዳሉ። ሁለት ጣት ብቻ ከገባ «በቃ፣ ዝጋው!» ብላ ትጮኻለች። ባሏ ያጉረመርማል እንጂ ይዘጋዋል።

እውነቱን ለመናገር መኪናዋም አሳዝናቸው ነበር። ውኃ በጫነች ቁጥር ቂጧ መሬት ለመሬት ይጎተታል፤ አፍንጫዋ ሰማይ ያያል። የመንገድ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ ከሥር «ጓ!» የሚል ድምፅ ይመጣና ሁለቱም ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። መሪው እጅ ላይ ይቀላል። አምሽተው ሲወርዱማ መብራቷ መንገዱን ትቶ ዛፍ ላይ ወፍ ይፈልጋል።

በመጨረሻ ወደ ባሏ ታላቅ ወንድም ወሰዷት። ወንድምየው መካኒክ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አለቀ» ይለዋል። ኮፈኑን ሳይከፍት «አለቀ በሉት» ይላል፤ ከዚያ ሳምንት ሙሉ ትመላለሳለህ። ሲያስረክብ ግን ሥራው ሥራ ነው።

በዘይት በጠቆረው መሬት ላይ መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ ግንድ ደገፈባት፣ ከሥሯም ገባ። ከኋላ የምትቀመጥባቸውን፣ እንደ ቀስት ጎብጠው የተደራረቡትን የባሌስትራ ብረቶች ፈታ። ሁለቱ ተሰነጣጥቀው አገኛቸው። በነሱ ፈንታ ከትልቅ መኪና የወጡ ወፋፍራም ብረቶች አስገባ፤ ማሰሪያዎቹንም በአዲስ ለወጠ። ተሠርታ ስትወርድ ባልየው እያነከሰ ዞራት።

«እንደ ሙሽራ ቀጥ አለች እኮ!»

መካኒኩ እጁን በቡትቶ እየጠረገ ወደ ሴትየዋ ጠጋ አለ።

«እቴ፣ የምትነጂው አንቺ ስለሆንሽ የምነግረው ላንቺ ነው። እኔ ያጠነከርኩት ወገቧን ነው። ፍሬኗ ያው የድሮው ፍሬን ነው። ወገቧ ጠነከረ ተብሎ ሸክም እንዳይጨመርባት።»

«ለሱም ንገረው፣ ጋሼ።»

«ነግሬዋለሁ። የሰማኝ ይመስልሻል?»

ባልየው መኪናዋን በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርጋት ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ አላቸው። ባዶዋን ስትወጣ እንደ እልኸኛ በቅሎ ታዘልላቸዋለች፤ ስትጫን ግን ፀጥ ትላለች። ሴትየዋ እንደ ልማዷ ወርዳ እጇን ብታስገባ ጣቷ ብቻ ሳይሆን ጭብጧ ገባ። ተጨማሪ ውኃ ተሞላ፤ አሁንም ጭብጧ ገባ። መኪናዋ ድሮ ሲከብዳት ታማርር ነበር። አሁን ዝም አለች።

ብዙም ሳይቆይ ባሏ ትልቅ ታንከር በሰው አሸክሞ መጣ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«አታይም? ታንከር ነዋ። ማዋለጃ ጣቢያውም ውኃ ስጡን ብሏል። በትንሹ ስንቱን እናዳርሳለን?»

«ወንድምህ ምን ነበር ያለው?»

«መካኒክ ካላስፈራራ ምን ይበላል? እስቲ እያት፤ ጎበጠች?»

«አለመጉበጧ እኮ ነው ያስፈራኝ!»

ሳቀባት። እሷም ክርክሩን አልገፋችበትም። ጉልበቱን ከታመመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲያይ ታየዋለች። ታንከሩን ያመጣ ቀን ግን ከሷ ቀድሞ ተነሥቶ፣ እያፏጨ ነበር የለበሰው። ይህን ደስታውን እንዴት ብላ ታጥፋበት? እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ፣ ነገሩ እንዲሁ ወሰዳቸው።

ከዚያ ወዲያ ቁልቁለቱን ስትወርድ ትከሻዋ ጆሮዋ ድረስ ይሰቀል ጀመር። ከኋላዋ ውኃው ይንገዋለላል፤ ኩርባ ላይ መኪናዋ ከዞረች በኋላ እሱ ገና ይዞራል፣ ጎንዋንም ይገፋታል። ቤት ገብታም እግሯ ብርድ ልብሱ ሥር ፍሬን ይረግጣል። አንድ ቀን ታች ደርሰው ስትወርድ የተቃጠለ ነገር ሸተታት።

«ይሸታል» አለች።

«የሰው ቆሻሻ ነው፤ እያቃጠሉ ነዋ።»

አላመነችውም። ስልክ አንሥታ መካኒኩ ዘንድ ደወለች።

«ጋሼ፣ ፍሬኑ ይሸተኛል።»

«ምን ያህል ነው የምትጭኑት?»

ባሏን አየችው። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ።

«እንደ ድሮው» አለች።

«እንግዲያው የፍሬኑ ሸራ አልቆ ይሆናል። ነገ አምጪያት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ እቴ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ጋራዡ ሊሄዱ ሲነሡ ባሏ፣ «ማዋለጃ ጣቢያው ይጠብቀናል። አንድ ዙር ብቻ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ወንድሜ» አላት። ሞሉና ወረዱ።

የመጀመሪያውን ኩርባ ደኅና አለፉ። ሁለተኛው ላይ ፍሬኑ ሲረገጥ እንደ ሊጥ ለሰለሰ። ደግማ ረገጠች፤ ወለሉ ድረስ ሄደ።

«የለም!» አለች።

«ምኑ?»

«ፍሬኑ የለም!»

ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሰችው፤ ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋም እንደማቅማማት ብላ ያዝ አደረገች። ግን ክብደቱ ከኋላ ይገፋል። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለች ሳበች፤ ጭስ ሸተተ እንጂ ለውጥ አልመጣም። ከፊታቸው ረጅሙ ቁልቁለት አለ፤ ከቁልቁለቱ ግርጌ ደግሞ ጀሪካን የደረደረው ሕዝብ። ሁልጊዜ መንገዱ መሐል ነው የሚሰለፉት።

«ውኃውን ድፋው!» ብላ ጮኸች። «ሂድ፣ ክፈተው!»

ባሏ አንዴ አያት። ከዚያ በሩን ከፈተ። ሰው እየሮጠ ሊደርስባት በሚችል ፍጥነት ነበር የምትሄደው፤ ቢወድቅ ግን የኋላው ጎማ ያገኘዋል። በደኅናው እግሩ መረገጫው ላይ ቆሞ የካሶኒውን ጠርዝ ያዘ። የታመመውን እግር እንደ እንጨት እየጎተተ ሲወጣ በመስታወቱ አየችው፤ ከዚያ ከዓይኗ ጠፋ። መንገዱን ትይ ወይስ መስታወቱን? «አለህ? አለህ?» እያለች ትጮኻለች፤ ከሞተሩ ጩኸት በላይ የሚሰማ መልስ የለም።

ድንገት ከኋላ የውኃ ድምፅ መጣ። ወፍራሙን ቧንቧ ከፍቶታል። ከጋለው ጎማ ሥር እንፋሎት ቡፍ ብሎ ወጣ፤ ውኃውም አስፋልቱን ይዞ ከመኪናዋ ቀድሞ መውረድ ጀመረ።

ታች የተሰለፉት መጀመሪያ ያዩት ውኃውን ነው። አንዲት እናት «ኧረ ሰዎች፣ ታንከሩ ተቀደደ!» ብለው ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ውኃው ሮጡ። ከዚያ የመኪናዋ ጡሩምባ ሳያቋርጥ ሲጮኽ ሰሙ። አንድ ሰው «ዞር በሉ!» አለ፤ ሰልፉ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ፤ ጀሪካኖቹ መንገድ ላይ ቀሩ።

ሴትየዋ መኪናዋ እየቀለለች መሄዷን በመቀመጫዋ ተሰማት። ሞተሩ ትንሽ ትንሽ እያለ ይዟት ነበር። መቆም ግን አልቆመችም። ያኔ መሪውን ወደ ተራራው በኩል ቀስ ብላ አስጠጋችው። ጎንዋ ከአፈሩ ጋር ተፋተገ፤ መስታወቱ ተገንጥሎ በረረ፤ የፊት ጎማው ቦይ ውስጥ ገባ። ከመጀመሪያው ጀሪካን ጥቂት ቀረት ብላ ቆመች።

ሞተሩ ጠፋ። ውኃው ብቻ ይንዠቀዠቃል።

ወርዳ ወደ ኋላ ሮጠች። ባሏ ታንከሩን በሁለት ክንዱ አቅፎ፣ ከእግር እስከ ራሱ ርሶ ተቀምጧል። መዳፉ ተልጧል። እሷም በነጠላዋ ጫፍ እጁን መጥረግ ጀመረች። እኒያ እናት ግን ዙሪያቸውን እየተመለከቱ፣ «ልጆቼ፣ ተርፋችኋል። ከተረፋችሁ ደግሞ ያ ቧንቧ ይዘጋና የቀረችውን ቅዱልን» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሴትየዋም ስትስቅ ዕንባዋ መጣ፤ ማቆም አቃታት።

መካኒኩ ሲደርስ ጎማውን ፈትቶ ሸራውን አየ። ከሰል ሆኗል። ከዚያ ቀና ብሎ ታንከሩን አየ።

«ጋሼ፣ ትናንት ዋሽቼሃለሁ» አለች።

«ያስዋሸኋት እኔ ነኝ» አለ ባልየው መሬት መሬት እያየ። «ስድቡ ለኔ ነው።»

መካኒኩ አልተሳደበም። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና፣ «እኔ ደግሞ ብረቱን ስጨምር እሱ ሸክም እንደሚጨምርባት አውቅ ነበር። ወንድሜ አይደለም እንዴ?» አለ። ቀጥሎም የታናሽ ወንድሙን የተላጠ መዳፍ ይዞ ገልበጥ እያደረገ ተመለከተው።

ትልቁ ታንከር ወደመጣበት ተመለሰ። ባሌስትራው አልተነሣም፤ ፍሬኑ ግን ሙሉ በሙሉ ተሠራ። ሴትየዋ ወር ያህል መሪ አልጨበጠችም፤ ባሏም አንድ ቀንም «ንጂ» አላላትም። በገዛ ፈቃዷ ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ ስታነሣ ጫማውን ሳያስር ተከተላት።

ዛሬ ትንሹን ታንከር ይዘው ይመላለሳሉ። ሰው ውኃ አነሰ ብሎ ያማቸዋል፤ ይታሙ። ቁልቁለቱ አፋፍ ስትደርስ ግን እስካሁን መዳፏን ያልባታል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬኗን ትሞክራለች። ያኔ ባሏ ወሬ ይጀምራል፦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ዶሮዎች፣ ስላገኘው ሁሉ። አትሰማውም። እንደማትሰማው ያውቃል፤ ታች እስኪደርሱ ድረስ ግን ያወራል።