ከእኔ በፊት እንደተናገሩት

የሰኞ ስብሰባችን የሚጀመረው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በውሃ ምርመራ ላቦራቶሪያችን ዘጠኝ ሠራተኞች አለን፤ ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ከወሊድ ፈቃድ ከተመለስኩ ወዲህ ስድስት ሰኞ ለክቼ ያገኘሁት ይህ ነው፦ አንድ ስብሰባ በአማካይ ሁለት ሰዓት ከአሥራ አራት ደቂቃ ይፈጃል። ስለ አጀንዳው የሚወራው አሥራ ዘጠኙን ደቂቃ ብቻ ነው።

ልኬቱን የጀመርኩት ለጨዋታ አልነበረም። የአምስት ወር ልጄ ጡጦ አይቀበልም። የማጥቢያ ጊዜዬ ከአራት እስከ አራት ተኩል ስለሆነ እናቴ አቅፋው የግቢው በር ላይ ትጠብቀኛለች። ሰኞ ሰኞ ግን ከአራት ከአርባ በፊት ወጥቼ አላውቅም። በስድስተኛው ሰኞ ስደርስ አልቅሶ አልቅሶ ተኝቷል፤ ብቀሰቅሰውም አልጠባም።

«ኧረ ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ቤት የላቸውም?» አለች እናቴ።

በሰባተኛው ሰኞ የነበረን አጀንዳ አንድ ብቻ ነው። የውሃ ናሙና የምናስቀምጥበት ማቀዝቀዣ በሩ አልገጥም ካለ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ በወንበር ደግፈነዋል። ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ሠላሳ አንድ ደቂቃ አነበብኩ። ከዚያ ጋሼ መግቢያ ተነሡ። አንጋፋው ኬሚስታችን ናቸው፤ ስሙን ያወጣንላቸው መግቢያቸውን ጨርሰው ስለማያውቁ ነው።

«አባባሌን ለማሳጠር ያህል፣ ከእኔ በፊት እንደተናገሩት፣ በር ማለት…»

«ጋሼ፣ ከእርስዎ በፊት ማንም አልተናገረም።»

«እሱን አትጻፊው። የእኔን ጻፊ።»

አሥራ ሰባት ደቂቃ ተናገሩ። ሹፌሩ «የጋሼን ሐሳብ እጋራለሁ» ብሎ ዘጠኝ ደቂቃ ተጋራ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ደግሞ የሁለቱንም ተጋራ።

ሰው ወዶ አይደለም የሚያወራው። በየስድስት ወሩ በሚሞላው የሥራ ምዘና ቅጽ ላይ «የስብሰባ ተሳትፎ» የሚል ረድፍ አለ። ኃላፊያችን ነጥብ የሚሰጡት፣ የእያንዳንዱ ሰው ስም በቃለ ጉባኤው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ በእርሳስ እየቆጠሩ ነው።

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ሸሚዜ ደረቱ ላይ ረጥቧል።

«ይቅርታ፣ ልጄ በር ላይ ነው» አልኩ።

«ትንሽ ታገሺ እህቴ፣ ልንጨርስ ነው» አሉ ኃላፊው። «የጽዳት ሠራተኛችን እጇን አውጥታለች። ዕድሉን መንፈግ ደግ አይደለም።»

«እኔ እንኳ የምለው የለኝም» አለች እሷ። «ስሜ እንዲገባ ነው።»

መዝገቡን ዘጋሁና ብብቴ ሥር ከትቼ ተነሣሁ።

«የት ነው ይዘሽው?» አሉ ጋሼ መግቢያ። «የእኔን ንግግር ማን ሊይዝልኝ ነው?»

«ልብዎ ይያዘው ጋሼ» ብዬ ወጣሁ።

ልጁን እያጠባሁ ሳለ የጽዳት ሠራተኛዋ እየሳቀች መጣች።

«አለቀ እኮ! ጋሼ ሁለት ቃል ጀመሩና የሚጽፍ ሲያጡ ተቀመጡ። ሹፌሩ ‹ታዲያ በሩ ምን ጎደለው?› አለ። ግምጃ ቤቱ ‹ጎማ ነዋ፣ መጋዘን ውስጥ አለ› አይል መሰለሽ?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ለምን ዝም አለ?»

«ማን ጠየቀው?»

እናቴ ሁለታችንንም አየችን። «ደመወዝም ይከፈላቸዋል?» አለች።

ከሰዓት በኋላ የስድስቱን ሳምንት ልኬት ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ከእንግዲህ የምጽፈው የተወሰነውን ነገር፣ የሚሠራውን ሰውና ቀኑን ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው።

«ተሳትፎውን ታዲያ በምን ልቁጠር?»

«አይቁጠሩት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ሐሳቡ መልካም ነው። ሰኞ በአጀንዳ ይያዝና እንወያይበት።»

ምን ይባላል? ያዝኩት። ሰኞ ስለ ስብሰባ ማሳጠር ሃምሳ ስምንት ደቂቃ ተወያየን፤ ከእነዚህ ሃያ ሁለቱ የጋሼ መግቢያ ናቸው። የተናጋሪ ስም አልጻፍኩም። መዝገቡ ላይ የሰፈረው ሦስት መስመር ነው። ስብሰባው በሦስት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ተጠናቀቀ፤ ልጄ ከአራት ሰዓት ጀምሮ አሥራ ስድስት ደቂቃ ጠባ።