አራተኛው ጣሳ

«ይሄ ጣሳ ተበላሽቷል ብለሽ ጻፊ» አሏት አቶ ለገሰ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ጣል አድርገው።

ስመኝ ቀና አለች። «አልተበላሸም እኮ ጋሽ ለገሰ። ሁለት ጊዜ ቼክ አድርጌዋለሁ።»

አቶ ለገሰ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ በሚገኘው የአየር መመርመሪያ ላብራቶሪ አለቃዋ ናቸው። ከአራት ዓመት በፊት ሥራውን ያስገኙላትም እሳቸው ነበሩ። በዚያ ሳምንት ስድስት የብረት ጣሳዎች ከአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር አየር ተሞልተው መጥተዋል። ከመንደሯ አጠገብ የፋይበርግላስ ጀልባ ፋብሪካ አለ፤ የምርመራውን ወጪ የሚሸፍነውም ይኸው ፋብሪካ ነው። አምስቱ ጣሳዎች ነፋሱ ወደ ውኃው ሲነፍስ የተሞሉ ስለነበሩ ደህና ናቸው። አራተኛው የተሞላው ግን ነፋሱ ወደ ቤቶቹ በዞረበት ቀን ነው፤ ከፋይበርግላስ ሥራ የሚወጣው ስታይሪን የተባለ መርዛማ ኬሚካል ከሌሎቹ አርባ እጥፍ በልጦ ተገኘበት።

«ፋብሪካው፣ ጣሳው የጀልባ ሞተር አጠገብ ስለነበር ነው ይላል።»

«ጠይቄያለሁ፤ ውሸት ነው።»

ጣሳውን ለሞሉት የመንደሯ አሮጊት ጠዋት ኮል አድርጋ ነበር። «የምን ሞተር?» ብለው ጮኹባት። «ባሌ የሚተኛበት ክፍል መስኮት ላይ ነው ያስቀመጥኩት። የዚያን ቀን ራሱን ስቶ ወደቀ። ለፋብሪካው ሰዎች ስነግራቸው የዓሣ ሽታ ነው ይሉኛል። ስልሳ ዓመት ከዓሣ ጋር ኖሬ የዓሣ ሽታ ይጠፋኛል?»

ስመኝ ይህን ስትነግራቸው አቶ ለገሰ በሩን ዘጉ።

«ስሚ ልጄ። የእናትሽ ወደ አሜሪካ የመምጣት ፕሮሰስ ገና አላለቀም አይደል? ስፖንሰር የሆንሻት በዚህ ሥራ ነው። የፋብሪካው ኮንትራት ከሄደ መጀመሪያ ሌይኦፍ ተደርገሽ ከሥራ የምትወጪው አንቺ ነሽ። ለአንድ ጣሳ ብለሽ?»

ፊቷ ጋለ። «እናቴን እዚህ ምን አመጣት? ሰዎቹ መርዝ እየተነፈሱ እኮ ነው! እርስዎ ልጆችዎን እዚያ ቤት ያሳድራሉ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም!»

ከመስታወቱ ማዶ ያሉት ሠራተኞች ዞረው አዩ። አቶ ለገሰ በሩን ከፈቱ። «ከመውጣትሽ በፊት ቅጹን ሞልተሽ አስረክቢኝ» ብለው ሄዱ።

ስመኝ ቅጹን ወደ ራሷ ስባ ተቀመጠች። እናቷ ሦስት ዓመት ጠብቀዋል፤ ለኤምባሲው ቀጠሮ የቀራቸው ሁለት ወር ነው። ቅጹ ከተፈረመ በኋላ ደግሞ ኮፒው በቀጥታ ለአካባቢው መስተዳድር፣ ለካውንቲው፣ ይላካል፤ መሰረዝ የለም።

እስክሪብቶዋን አነሳች። «አራተኛው ጣሳ፦ ትክክለኛ» ብላ ሞላች። ከግርጌው ሠራተኛው የስሙን የመጀመሪያ ፊደላት ብቻ የሚያኖርባት ጠባብ ሳጥን ነበረች። ስመኝ ከሳጥኗ እያስወጣች፣ በትልልቅ ፊደል፣ ስሟን ከነአባቷ ጻፈች።