የታሚት አፍ የተከፈተ ዕለት

ልጄን በቀበርኩ ቀን እፎይ ብያለሁ። ሌላውን ከማውራቴ በፊት ይህን ልናገር። ንጉሡ ከአተን በቀር አምላክ የለም ብሎ ካወጀ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። አተን ይቺው ከላይ የምታነድደን ፀሐይ ናት። የድሮዎቹ አማልክት ስም ከየግድግዳው ተፋቀ፣ መቅደሶቻቸው ተዘጉ፣ የሙታን ፈራጁ የኦሲሪስም ችሎት አብሮ ተዘጋ። ድሮ ሰው ሲሞት ወደ ምዕራብ ይሄድና ልቡ ከአንዲት ላባ ጋር ይመዘናል። የዋሸና የበደለ ሰው ልቡ ይከብዳል፤ የከበደችውን ልብ የአዞ ራስ ያላት አውሬ ትውጣታለች። አሁን ሚዛኑም አውሬዋም የሉም ተባለ። እኔ ጡብ ሠሪው ሴኒ፣ ታሚትን በሰሌን ጠቅልዬ አሸዋ ስመልስባት፣ እንኳንም የሉ አልኩ።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። የንጉሡን አዲስ ከተማ በጥድፊያ ነበር የምንሠራው። ከየቤቱ አንድ ሰው በየቀኑ ድንጋይ እንዲሸከም ታዟል፤ የቤታችን ተሸካሚ እኔ ነበርኩ። አንድ ማለዳ ወገቤን አመመኝ ብዬ ታሚትን ላክኋት። አሥር ዓመቷ ነበር። ወገቤን አላመመኝም፤ የጠጣሁት ቢራ አልለቀቀኝም ነበር እንጂ። ቀትር ሳይሆን ድንጋዩን እንደተሸከመች ከአቀበቱ ላይ ወድቃ ሞተች። ሚስቴ ሄኑት የአተን መቅደስ ዳቦ ቤት ውላ ስትመጣ፣ የሥራ አለቃ መጥቶ ወሰዳት አልኳት። የትኛው አለቃ አለችኝ። አላየሁትም፣ ተኝቼ ነበር አልኩ።

የንጉሡ አዋጅ ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። ምዕራብ ከተዘጋ ሙታን የት ይግቡ? ከፀሐይ ጋር ይነሣሉ፣ ከፀሐይ ጋር ይተኛሉ ነው ያሉን፤ ለአፍ ያምራል። በተቀበረች በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣ ጨረሩ ግቢያችን ሲገባ፣ ታሚትን ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣ አገኘናት።

አልጮህንም። በየቤቱ እንዲሁ ነበር፤ አይወራም እንጂ። ባሏ ሲሞት ተገላገልኩ ያለችው ጎረቤታችን እንኳ ሰውየው ጎህ ሲቀድ መጥቶ በሯ ላይ ይገተርባታል። በሕይወቱ አንድ ቀን በጊዜ ቤቱ ገብቶ የማያውቅ ሰው፣ እያለች ትስቅ ነበር።

ታሚት ጥላ አልነበራትም። ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር ተነሥታ ብርሃን ወዳለበት ትጠጋለች፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከእግሯ ጀምራ ትጠፋለች። የተደገፈችው ጡብ በዚያ ሁሉ ሐሩር መሐል ሲነኩት እንደ ጉድጓድ ውኃ ይቀዘቅዛል። አፏ ግን ዝግ ነው። ድሮ ቢሆን ካህኑ የሟቹን ከንፈር በመዳብ መሣሪያ ነክቶ አፉን ይከፍትለታል፣ እንዲበላና እንዲናገር። ያም ተከልክሏል። ሄኑት ዳቦ ታስቀምጥላታለች፤ ልጅቷ ታነሣና ከንፈሯ ላይ ትጫነዋለች፤ ዳቦው ተፈርፍሮ ይወድቃል። ይህ አራት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሆነ። ሄኑት ፍርፋሪውን ለቅማ በማግሥቱ ሌላ ታስቀምጣለች። እኔ ደግሞ ያ አፍ እንዳይከፈት ስማጸን ኖርኩ። ታሚት ቀኑን ሙሉ ታየኛለች። ቁጣ የለባትም፤ ዝም ብላ ነው የምታየኝ።

ከዚያ ንጉሡ ሞተ። ብዙ ሳይቆይ የድሮዎቹ አማልክት ይመለሱ ተባለ፤ ችሎቱም ተከፈተ። ሰዉ ጓዙን እየጠቀለለ ወደ ዋሴት፣ ወደ ድሮ አገራችን፣ በጀልባ መጉረፍ ጀመረ። ለዓመታት የሰፈሩን ጸጉር ሲላጭ የኖረው ሽማግሌው ሁያም ምላጩን ጥሎ ከጎጆው ወለል ሥር የመዳብ መሣሪያውን ቆፍሮ አወጣ። ለካ ካህን ኖሯል።

"አባ ሁያ ነገ ይመጡልናል" አለችኝ ሄኑት።

"ምን ያስቸኩላል? ወገቤን ሻል ይበለኝና..."

"ወገብህን ተወው። ልጄ አራት ዓመት ተርባ አየኋት፤ አሁን ትብላ። የወሰዳትንም ሰው ስም ትነግረኛለች።"

"ነግራሽስ ምን ልታደርጊው?"

"ስሙን ማሰሮ ላይ አስጽፌ እሰብረዋለሁ። እዚህም እዚያም ማረፊያ አያገኝም።"

መሸሽ አሰብኩ፤ ግን የት?

በነጋታው ፀሐይ ወጣ ስትል ከሁያ ጋር ወደ መቃብሩ ሄድን። መቃብሩ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በረሃው ውስጥ ነው። ታሚት ከኋላችን ተከተለች። አሸዋው ላይ የሦስት ሰው ኮቴ ብቻ ነው የቀረው። ሁያ ታሚትን ይያት አይያት አላውቅም፤ አንዴም ዞሮ አልተመለከተም። አሸዋውን ጠርጎ፣ ሰሌኑን ከፊቷ ላይ ገለጠ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። መዳቡ አጥንት ሲነካ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄ፣ ከዚህ ተነሥተሽ ወደ ሚዛኑ ነው የምትሄጂው" አለ ሁያ። "እውነት ተናግረሽ ልብሽን አቅልለሽ ሂጂ።"

ዓይኔን ስገልጥ ታሚት እናቷ አጠገብ ቆማ አፏ ተከፍቷል። ሄኑት ዳቦውን ሰጠቻት። የማላመጧን ድምፅ ሰማሁት፤ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ፍርፋሪ እንኳ ሳታስቀር በላች።

"ታሚትዬ፣ ማን ነው የወሰደሽ?" አለች ሄኑት። "ስሙን ንገሪኝ።"

ልጄ አየችኝ።

"ማንም አልወሰደኝም እማዬ። ራሴ ነኝ የሄድኩት።"

ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ታሚት ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ወደ ምዕራብ መራመድ ጀመረች። አምስት እርምጃ ያህል ቀጥ ብላ ሄደች። ከዚያ ትከሻዋ ወረደ። ከዚያ ወገቧ ታጠፈ። እጆቿን ወደ ኋላ ልካ በጀርባዋ ላይ የሌለውን ነገር ያዘች፤ አሸዋው ላይም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥልቅ ኮቴ መታየት ጀመረ። አረማመዷን አወቅሁት። ድንጋይ የተሸከመ ሰው እንዲህ ነው የሚራመደው። ያ ውሸት ልቧ ላይ ተጭኗል፤ ይዛው ሚዛኑ ፊት ልትቆም ነው። ለሁለተኛ ጊዜ የኔን ሸክም ጭኜባታለሁ።

"ዋሽታ ነው" አልኩ። ወደ ሄኑት ዞርኩ። "ዋሽታ ነው። አለቃ የሚባል አልመጣም። እኔ ነኝ የላክኋት።"

ታሚት ቀና አለች። እጆቿ ወደ ጎኗ ወረዱ፣ ኮቴዋም ጠፋ። ወደ ኋላ አልዞረችም። ብርሃኑ ውስጥ እየቀጠነች ሄዳ ከዓይናችን ተሰወረች።

ሄኑት አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

"ያን ቀን ወገብህን አሞህ ነበር?"

"አይ" አልኳት።

በዚያው ሳምንት ከሁያ ጋር በአንድ ጀልባ ወደ ዋሴት ሄደች። በራችን ሥር የተሰበረ ማሰሮ አገኘሁ። ማንበብ አልችልም፤ ግን የማን ስም እንደተጻፈበት አላጣሁትም።

አሁን እዚህ ከተማ ከውሾች ጋር ቀርቻለሁ። አልፎ አልፎ የንጉሡን ሕንፃ ለድንጋዩ የሚያፈርሱ ሰዎች ይመጣሉ፤ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ አበደ ይሉኛል። ስሞት አፌን የሚከፍትልኝ የለም፤ ስለዚህ ሳይዘጋ ተናግሬ ልጨርሰው ብዬ ነው። ማለዳ ማለዳ ግቢው ውስጥ፣ ግድግዳው ሥር፣ አንድ ዳቦ አስቀምጣለሁ። ፀሐይዋ ስትበረታ ታሚት ትደገፈው የነበረውን ጡብ በእጄ እዳብሰዋለሁ። እንደ ሌላው ጡብ ይሞቃል።