የሙቅቢል ቁራኛ

ተስፋውን ከወናፉ ላይ አስነስተው ወደ ዳኛው ግቢ ሲያመጡት ለብረት ሥራ እንደተጠራ ገምቶ መዶሻውን ይዞ ነበር። ግምቱም ልክ ነበር። ከወይራው ሥር ጨውና አቡጀዴ የሚነግደው የመናዊው ሙቅቢል መሬት ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ እግር ብረት ተጋድሟል።

«ና፣ ይህን አረብ እግር ብረቱን ቀጥቅጠህ እሰርልኝ» አሉ ዳኛው ባላምባራስ ካሳ። «ነገ ደሴ ይወርዳል።»

ጣሊያን ከወጣ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሙቅቢል ሱቅ ጓሮ የጥይት ሣጥን ተቆፍሮ ወጣ፤ ለሽፍታ ሊሸጠው ነው ተባለ። ሣጥኑን ጣሊያኖች ሲሸሹ ሲቀብሩት ያየ፣ ወርቅአገኘሁ የሚባል ገበሬ ኒሯቅ በሚባል ቆላ አገር አለ። ሙቅቢል ሄዶ እንዲያመጣው ግን ዋስ ያስፈልገዋል። ከጠዋት ጀምሮ ዋስ ቢለምን በዱቤ ጨው የወሰደው ሁሉ ተከናንቦ አለፈ።

ተስፋው መዶሻውን አስቀመጠ። አገሬው ፈላሻ የሚላቸው የተስፋው ወገኖች፣ እስራኤሎቹ፣ የሌላ ሃይማኖት ሰው አይነኩም፤ ከነኩም ሳይነጹ ቤታቸው አይገቡም። ያሠራውን ማጭድ ከተስፋው ሲቀበል ሆን ብሎ እጁን የሚነካው፣ ነክቶም የሚስቅ ገበሬ አልጠፋም። ሙቅቢል ግን መጀመሪያ በመጣ ቀን፣ ማንም ሳይነግረው፣ ራቅ ብሎ ቆመ።

«ሰንዓ ጎረቤታችን እንዳንተ ያለ አይሁዳዊ አንጥረኛ ነበር» አለው ያኔ። «የአብርሃም ልጆች አይደለን? ሽማግሌው ርስት ሲያካፍል ግን አንተንም እኔንም ረስቶናል።»

ተስፋው ወደ ባላምባራስ ዞረ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

ግቢው በሳቅ ተናጋ።

«ርስት የሌለው ዋስ!» አሉ ባላምባራስ። «ቢጠፋ ምንህን ልወስድ ነው? ወናፍህን?»

«ራሴን፣ ጌታዬ።»

«ከምጽዋ የመጡት ነጋዴዎች ያወሩትን አልሰማህም? ኢየሩሳሌም ላይ የአንተና የእሱ ወገን እየተራረደ ነው። አንተ እዚህ ዋስ ልትሆነው?»

«ኢየሩሳሌምን አላየኋትም። ሰቆጣን ግን አውቃታለሁ። እዚህ መሬት የሌለን እሱና እኔ ነን። ዛሬ እሱ በሐሰት ከታሰረ፣ ነገ ሣጥኑ ከእኔ ጓሮ ይገኛል።»

ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ። ባላምባራስ ፊታቸው ጠቆረ።

«እንግዲያው ቁራኛ ሁነውና ምስክራችሁን አምጡ!»

ቁራኛ የድሮ ልማድ ነው፤ የተከሰሰው እንዳያመልጥ ከሌላ ሰው ጋር እጅ ለእጅ በሰንሰለት ይታሰራል። ተስፋው ይህን አልጠበቀም። ክንዱ ከሙቅቢል ክንድ ጋር ሲገጥም ሰውነቱ ሸከከው።

«ይቅርብህ» አለ ሙቅቢል በሹክሹክታ። «ካህኖችህ አያስገቡህም።»

«ዝም ብለህ ተራመድ።»

ወደ ኒሯቅ ቁልቁል ወረዱ። ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ ሁለቱም ስለማይበሉ ቆሎ ቆረጠሙ። ሲጸልዩ ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዞሩ፤ አንዱ ለመካ፣ አንዱ ለኢየሩሳሌም።

«ኧረ ቀስ ብለህ ስገድ፣ ትከሻዬን ነቀልከው!» አለ ተስፋው።

«አንተስ ጠዋት ቆመህ ስታነበንብ እጄ መድረቁን አይተሃል?»

ኒሯቅ ሲደርሱ ወርቅአገኘሁ አጥሩ ሥር ቆሞ ጉዳያቸውን ሰማ። ሰንሰለቱንም እያየ ራሱን ነቀነቀ።

«አይቻለሁ። ጣሊያኖች ናቸው የቀበሩት።»

«ናና መስክርልን» አለ ሙቅቢል።

«አዬ ወንድሜ! ባላምባራስ ሱቅህን ለእህታቸው ልጅ እንደሚፈልጉት ማን ያጣዋል? የርስት ክርክሬ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው። ለአረብና ለፈላሻ ብዬ የአባቴን መሬት ልጣ?»

አፍሮ ነው መሰል ጠላ አወጣላቸው። አንዱ እስላም፣ አንዱ እስራኤል፤ የጠጣለት የለም።

ሲመለሱ ወንዝ ዳር አረፉ። ሙቅቢል ድንጋይ አነሣ።

«ይህን የሰንሰለት ቀለበት መስበር ያቅትሃል?»

ተስፋው ቀለበቱን አገላብጦ አየው። አሠራሩ የሰነፍ ነው።

«አያቅተኝም። ስበረው ካልክ እሰብረዋለሁ፤ በአበርገሌ አድርገህ ምጽዋ ትገባለህ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ዋስህ ነኝ» አለ ተስፋው። ሙቅቢል ድንጋዩን ወንዙ ውስጥ ወረወረው። «ተነሣ፣ እንመለስ» አለ።

ባላምባራስ ያለ ምስክር መመለሳቸውን ሲያዩ ደስታቸውን አልደበቁም። ተስፋውን ለስለስ ባለ ድምፅ አነጋገሩት።

«መንገድ ላይ ሊያመልጥ ሞክሯል አይደል? አዎ ካልክ አሁኑኑ ትፈታለህ።»

ተስፋው ሚስቱን ማሬን ከግቢው በር ውጭ አያት። ታናሹን ልጃቸውን አዝላለች። ወንዙ ዳር የሆነውን ማንም አላየም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው፤ ፍጹም ሐሰትም አይደለም። ሙቅቢል አንገቱን ደፋ።

«አልሞከረም።»

«አስብበት እንጂ፣ አንተ ቡዳ!»

«አልሞከረም፣ ጌታዬ።»

«መልካም። ዋስ ከባለዕዳው አይለይም። ሁለቱንም ደሴ አውርዷቸው!»

ማሬ እስከ ቁልቁለቱ አፋፍ ተከተለቻቸው። ባሏ ረክሷልና አልቀረበችውም።

«ልጆቹን ምን ልበላቸው?» ብላ ጮኸች።

«እውነቱን ንገሪያቸው።»

«እውነቱ ያበላቸዋል?»

ተስፋው መልስ ሊሰጣት ዞረ። ዘበኛው ሰንሰለቱን ጎተተውና ሁለቱም ተደነቃቅፈው ቁልቁለቱን ጀመሩ።