የዋልያዋ ተራ

«አስናቀው፣ ከአፋፍ አፋፍ አብረን ዋልያ ስንጠብቅ ኖረን፣ ለለቅሶህ ልምጣልህ?»

አያ ሀብተሚካኤል ድንኳኑ በር ላይ ቆመው አነቡ። ያይኔአበባ ድምፃቸውን ከውስጥ ሰማች። የአባቷ የአስናቀው ሣልስት ነበር።

«ተኳርፈው አልነበር እንዴ?» አለች ንፍሮ የምታድለው ጎረቤት፣ አጠገቧ ወዳለችው ሴት ጠጋ ብላ።

«በአንዲት ሳንቲም ነው አሉ።»

ያይኔአበባ እንዳልሰማች ሆነች።

ሁለቱ ሰዎች ሰሜን ተራሮች ፓርክ በጥበቃ ሥራ አርጅተው ወደ ቡሬ ሲመለሱ፣ አንድ ጎብኚ ዋልያ የተቀረጸበት የመታሰቢያ ሳንቲም ሰጥቷቸው ነበር፤ ከንጹሕ ብር የተሠራ ነው። ሳንቲሙ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት። ስለዚህ በየዓመቱ እየተፈራረቁ ያስቀምጡት ጀመር። በእንቁጣጣሽ ይረካከባሉ። ተቀባዩ የዋልያዋን ቀንድ በአውራ ጣቱ ዳብሶ «አልከሳችም» ይላል፤ ከዚያ ጠላው ይቀዳል።

ሳንቲሙ አባቷ ዘንድ በነበረበት ዓመት የያይኔአበባ ሰርግ ደረሰ። ርክክቡን የሽማግሌ ጨዋታ ነው ብላ ናቀችው። ገበያ ላይ ጨው እንኳ የማይገዛ ሳንቲም ሣጥን ውስጥ ከሚተኛ ብላ፣ ሳታስፈቅድ ፍኖተ ሰላም ወስዳ ለአንጥረኛ ሰጠችው። አቅልጦ የአንገት መስቀል ሠራላት። ብር ያገኘ ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ እስከዚህ ድረስ ማንም አይፈርድባትም።

ክፉው ነገር ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እንቁጣጣሽ ሲቃረብ አባቷ ሣጥኑን ገለበጡ። እሷም አብራቸው አልጋ ሥር ገብታ ዳበሰች። ሽማግሌው ላባቸውን እየጠረጉ ቀና አሉና አንገቷን አይተው «መስቀልሽ ሲያምር» አሏት። ያኔ መናገር ነበረባት። አልተናገረችም። በበዓሉ ሊረከቡ የመጡት ሀብተሚካኤልም «ሸጠኸዋል» ብለው ወጡ፤ ዳግመኛ ያን ደጅ አልረገጡም። አባቷ ዓመቱ ሳይዞር ሳንቲሙን ሲፈልጉ ሞቱ።

ለቀስተኛው ሲሳሳ ሽማግሌው ፊት ተንበረከከች።

«አያ ሀብተሚካኤል፣ አባቴ አልሸጡትም።»

«ተይው ልጄ። አፈር ከለበሰ በኋላ ምን ይባላል? የበደልሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ አይደሉም።»

እጇን ነጠላዋ ሥር ሰደደች። መስቀሉን ከማተቧ ፈትታ መዳፋቸው ላይ አኖረችው።

«ለሰርጌ አስቀለጥሁት። ዘንድሮ ተራው የእርስዎ ነው።»

አያ ሀብተሚካኤል መስቀሉን አዩ፣ ባዶውን ክር አዩ። ከዚያ አውራ ጣታቸው መስቀሉ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ቀንዱን ይፈልግ ጀመር።

«ከስታለች» አሉና መስቀሉን በመዳፋቸው ጨበጡት።