ፈለቀች ያጣችው ዓሣ

ፈለቀች ሰው አታምንም፤ አሰበ ተፈሪ ሁሉ ያውቃታል። መኪና ማቆሚያው አጠገብ ባለው ምግብ ቤቷ ለሐረር ሾፌሮች የጾም ዓሣ ወጥ ትሸጣለች። ዓሣውን ከወንዝ የሚያመጣላት መሬቷን የሚያርሰው ጭሰኛዋ ሙሜ ነው። ዘንድሮ ግን ሁዳዴ ሲገባ፣ ዘንቢል ሙሉ ያመጣ የነበረው ሰውዬ ጣት የሚያካክሉ ሦስት ዓሦች ይዞ ብቅ አለ።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው እሜቴ። በእኛ በኩል ወንዙ ዓሣ የለውም።"

"ወይ ጉድ! ክንፍ አውጥቶ በረረ በለኛ!"

ከዚያ ወዲያ በልቧ ትጠረጥረው ጀመር። ትልልቁን ዓሣ ከእሷ በላይ በወንዙ ራስጌ ላለው ባለመሬት፣ ለታጁዲን እየሸጠው ነው። ወይም ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በትኖ ዘሩን ጨርሶታል። አምና የወንዙን ዳር ዛፍ ስታስቆርጥስ፣ እግሯ ላይ ወድቆ "ይተዉት" ያላት ለምንድን ነው? ማገዶውን ለራሱ ሊያደርገው ነዋ! ያኔ እልህ ይዟት እስከ ውኃው አፍ ድረስ አስመንጥራ ጫት አስተከለች። አሁንም አላመነታችም፤ የስድስት ልጆች አባት የሆነውን ሰው "መሬቴን ልቀቅ" አለችው።

በሦስተኛው ቀን ብርብራውን በእጇ ልትይዝ ዘንቢል አንጠልጥላ ወረደች። ሙሜ የጎጆውን ክዳን እያወረደ ነበር።

"ብርብራውን የት ደበቅከው?"

"ብርብራ ቢሆን ዓሣው ሞቶ ይንሳፈፍ ነበር። ይምጡ" ብሎ መንጠቆውንና ዘንቢሉን ይዞ ወደ ወንዙ ቀደማት።

ከጫቱ ሥር ውኃው ቀልቶ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሞቋል። ሙሜ እጁን ሰዶ ጭቃ ዘገነ።

"ዓሣው የሚራባው ድንጋዩ መሐል ነበር። ዛፉ ሲቆረጥ ዝናቡ የማሳዎን አፈር አምጥቶ ድንጋዩን ቀበረው።"

ጥቂት ሽቅብ ወጡ። በታጁዲን ድንበር ሾላዎቹ ውኃው ላይ እንዳጎነበሱ ናቸው። ጥላው ሥር ድንጋዩ አንድ በአንድ ይታያል፤ በመሐሉ ወፋፍራም ዓሦች ሽው ይላሉ።

"ታዲያ ከዚህ ለምን አታጠምድም ነበር?"

"ታጁዲን ደጅ ብትደርስ ወዮልህ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?"

ፈለቀች አፈረች።

"በል ጎጆውን አታፍርስ። እዚያው ተቀመጥ።"

"አይ እሜቴ፣ አለፈ። ዛሬ ጠዋት ታጁዲን መሬት ሰጠኝ። ይኸው፣ የቆምንበት ነው።"

ይህን ብሎ መንጠቆውን ጣለ። ብዙም አልቆየ፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ እየተፈራገጠ ወጣ። ፈለቀች እንደ ልማዷ ዘንቢሏን ዘረጋች።

ሙሜ ዓሣውን የራሱ ዘንቢል ውስጥ ከተተው።